ስማችን የታሸገበት ውድድር

ድሬዳዋ ውስጥ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው የማን ልጅ እንደሆነ ነው። ስለዚህ አንድ መሥሪያ ቤት ለደረቁ ወንዛችን የእግረኛ ድልድይ መሐንዲስ በዲዛይን ውድድር እመርጣለሁ፣ የድርጅቶቹም ስም በፖስታ ይታሸጋል ሲል በሳቅ ልሞት ነበር።

ሥራውን ግን አጥብቄ ፈለግሁት። የእናቴ ቤት ወንዙ ዳር ነው። ተራራው ላይ ሲዘንብ፣ እኛ ዘንድ ጠብታ ሳይወርድ፣ ጎርፉ ግንድና ቋጥኝ እያላተመ ይደርሳል። አንዴ ቤቷ ገብቶ አልጋዋን ወስዶባታል። እኔና ሁለት ባልደረቦቼ ከባጃጅ ጋራዥ በላይ ባለች ቢሯችን ተቀምጠን፣ ግንዱ የሚጠላለፍበት እንዳያገኝ፣ ከዳር እስከ ዳር የሚንጠለጠል፣ መሃሉ ምሰሶ የሌለው ድልድይ ነደፍን።

ስዕሎቹ ኮድ ብቻ ተለጥፎባቸው አዳራሽ ውስጥ ተሰቀሉ። አንደኛው በአሸዋችን ላይ ሰማያዊ ውሃና ጀልባ ተስሎበታል። የሳለው ሰው ከተማችንን አንድ ቀን ረግጧት አያውቅም። ዳኞቹ ደግሞ የሚፈልጉት ዲዛይኑን ሳይሆን ባለቤቱን ነበር። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ የሆነው የአዲስ አበባው ትልቅ ድርጅት ምሰሶ አይወድም የሚል ወሬ ሰምተው ኖሮ፣ የእኛን የሱ ነው ብለው አንደኛ አወጡት። የዳኞቹ ሰብሳቢ የልምድ እጅ ያስታውቃል እያሉ በሰው ፊት አደነቁ። ፖስታው ሲከፈት የእኛ ስም ወጣ። ባለጀልባው ትልቁ ድርጅት ራሱ ነበር።

ሰብሳቢው ኮሪደር ላይ ክንዴን ይዘው፣ «አቦ፣ ስዕሉስ ቆንጆ ነው። ያንቺ መሆኑን መች አወቅን» አሉኝ። እንደ ይቅርታ መሆኑ ነው። ከልቤ ናቅኋቸው።

ውድድሩ ለፍትሐዊነት ሲባል ተሰረዘ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፤ ፖስታውም እኛን አላስጣለንም። በድጋሚ ሲወጣ ዋናው መስፈርት የሥራ ልምድ ሆነ፤ እኛ ወደቅን፣ ትልቁ ድርጅት አለፈ። አሸዋው መሃል ወፋፍራም ምሰሶ ደረደረበት፤ ጀልባውን ብቻ ነው የተወው። በመጀመሪያው ክረምት ግንዱ ምሰሶዎቹ ላይ ተከምሮ ወንዙን ገደበው፤ ውሃውም መሄጃ ሲያጣ ወደ ሰፈሩ ዞረ። እናቴን ጎረቤቶች በጣሪያ አወጧት። ቤቱን ጎርፉ ወሰደው፤ ድልድዩም ወገቡ ተሰበረ።

አሁን እናቴ እኔ ዘንድ ናት። ጠዋት ጠዋት በባጃጅ ወደ ድሮ ጎረቤቶቿ ትሄዳለች፤ የኔን ሰፈር ሰው አልለመደችውም። ሰሞኑን መሥሪያ ቤቱ ለጥገናው አዲስ የዲዛይን ውድድር ሲያወጣ ማስታወቂያውን አንብቢልኝ አለችኝ። ስም አሁንም ይታሸጋል። ተወዳዳሪው ግን ከዚህ በፊት በዚሁ ወንዝ ላይ ድልድይ ነድፎ የሠራ መሆን አለበት።

ይህን የሚያሟላ ማን እንዳለ ጠየቀችኝ። ቤትሽን ያስወሰደው ድርጅት ብቻ አልኳት።

«ታዲያ ፖስታውን ለምን ያሽጉታል?» አለች።