ደጋግሜ የለካሁት መስኮት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ አሁንም ስጽፈው ፊቴ ይግላል። ሥራዬ የድሮ ቤቶች እንዳይፈርሱ ማጥናት ነው። አትላስ አካባቢ፣ በሆቴሎች መካከል የቀረ አንድ የድንጋይ ቤት አለ። አደይ ለተብርሃን የሚባሉ እናት ከልጃቸው ከክብሮም ጋር ይኖሩበታል። ልኬቱን የጨረስኩት ቶሎ ነበር። ነገር ግን የሜትሩን ጫፍ የሚይዝልኝ ክብሮም ስለሆነ፣ ያንኑ መስኮት ለመለካት ወራት ተመላለስኩ። የልቤን ግን አንድም ቀን አልነገርኩትም።

አንድ እሑድ ጠዋት ጋቢ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች አያት ሰፈር ወዳለው ቤታችን መጡ። አንደኛው የክብሮም አጎት መሆናቸውን ሳይ ጓዳ ገብቼ ተደበቅሁ። በሩን ገርበብ አድርጌ ጆሮዬን ደቀንኩ።

«የመጣነው በልጅዎ ጉዳይ ነው» አሉ አጎትየው ለአባቴ። «ሜትር ይዛ ስለተመላለሰች፣ እህቴ ለተብርሃን ቤቴ ሊፈርስ ነው ብላ ዕቃዋን መሸከፍ ጀምራለች። ክብሮም እንደማይፈርስ ቢነግራትም አላመነችውም። እባክዎ፣ ቤቱን ትማርልን።»

በእኛ ከተማ ሜትር ይዞ የመጣ ሰው አፍራሽ ነው፤ እንዴት አላሰብኩም! እያፈርኩ ወጣሁ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ የምለካው እንዳይፈርስ ነው። ቅርስ ሆኖ እንዲመዘገብ ጥናቱን አስገብቻለሁ።»

«ታዲያ አንድ መስኮት ይህን ያህል ምን ያመላልሳል?» አሉ አጎትየው።

ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። አባቴ ሳቁን እየዋጠ «እንግዲህ ሰምታችኋል፤ ተቀመጡ» አላቸው።

ማንም አልተቀመጠም።

«እንቀመጣለን» አሉ አጎትየው ጋቢያቸውን እያስተካከሉ። «ይኼ የእናትየው ጉዳይ ነበር። የልጁን ገና አልተናገርንም።»