ደሴ፣ ከአጥሩ ወዲህና ወዲያ

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ኮምቦልቻ

ጎህ ሳይቀድ ጨው በጫነ ካሚዮን ጋቢና ውስጥ ተሳፈርኩ። ተወልጄ ያደግሁት ጅቡቲ ነው፤ አባቴ የመናዊ፣ እናቴ ደሴ አጠገብ ካለችው ከገራዶ ናት። አገሯን በዓይኔ እንዳይላት ልካኛለች።

ቦርከና ወንዝ ላይ ጉም ተኝቷል። ዳገቱን ስንጀምር ከመንገዱ ዳር ድንጋይ የሚፈልጡ ሰዎች አየሁ። ከሲታዎች ናቸው፤ አንድም ቀና ያለ የለም።

«ለማን ነው የሚሠሩት?» አልኩት ሾፌሩን ሙሄን።

«እስረኞች ናቸው። ዝም ብለህ መንገድህን እይ፣ ወንድሜ።»

ሁለት ሰዓት፣ ደሴ

ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። የእናቴ ታላቅ ወንድም ሼህ ሰይድ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሲጠብቁኝ አገኘኋቸው። አገላብጠው ሳሙኝ።

«አልሐምዱሊላህ! የእህቴን ዓይን አየሁ። ና ልጄ፣ ከተማውን ላሳይህ።»

ገበያው በበርበሬ፣ በማርና በበግ ቆዳ ሞልቷል። ሰዉ ግን የሚገበያየው በሹክሹክታ ነው፤ የጣሊያን ወታደር ሲያልፍ ሹክሹክታውም ይጠፋል።

ስምንት ሰዓት፣ መናፈሻው

ጣሊያኖቹ በቅርቡ የሠሩት ነው። አበባ፣ አግዳሚ ወንበር፣ መለከት የሚነፉ ወታደሮች። ድሮ ሜዳ ነበር፤ አጎቴ ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር የተጣላ ሲያስታርቁበት ኖረዋል። ዛሬ ታጥሯል፤ ለአገሬው ሰው ክልክል ነው። በር ላይ የቆመው ዘበኛ ባርኔጣዬን አየ፤ የፈረንሳይ ወረቀቴን ተቀብሎ ያዘና አሳለፈኝ።

«ግባ ልጄ፣ እኔ ከዚህ ሆኜ አይሃለሁ» አሉኝ አጎቴ።

ገብቼ ተቀመጥኩ። እውነቱን ልናገርና ወንበሩም ተመቸኝ፤ ሙዚቃውም ደስ አለኝ። አጎቴ መቆሙ ሲደክማቸው አጥሩን ተደገፉ። ዘበኛው ጀርባቸውን በአለንጋ ሸነቆጣቸው።

ሳላስበው ብድግ አልኩ። ዘበኛው ወረቀቴን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ።

«ይህን ሽማግሌ ያውቁታል?»

ያለዚያ ወረቀት ቤቴ አልገባም። ድንጋይ ፈላጮቹ ትዝ አሉኝ።

«አላውቀውም» አልኩ።

አጎቴ ሰሙኝ። ጋቢያቸውን ሰብስበው ከአጥሩ ራቅ አሉ።

አሥር ሰዓት፣ መሳፈሪያው

አጎቴ እስከ ካሚዮኑ ሸኙኝ። ጋቢያቸው ላይ ቀጭን የደም መስመር ወጥቷል። መንገዱን ሙሉ «ይቅር ይበሉኝ» ለማለት ቃሉ አፌ ላይ እየደረሰ ተመለሰብኝ። ጋቢና ስገባ በሩን ራሳቸው ዘጉልኝ።

«በሰላም ይግቡ» አሉኝ። «እናትዎንም ሰላም ይበሉልኝ።»

ጠዋት «ልጄ» ያሉኝ ሰው አንቱ አሉኝ። ሙሄ ሞተሩን አስነሣ።