አማቴ የማይሉት ቃል

ሁለተኛ ልጄን ቤት ልውለድ ብዬ ስነሳ ሰው ሁሉ አበደች አለኝ። የመጀመሪያውን ሆስፒታል ስወልድ ብዙ ደም ፈሶኝ በስንት መከራ እንደተረፍኩ ያውቃሉ። እኔ ግን ከደሙ ይልቅ የማልረሳው በሩን ነበር። ምጡ ሲጠናብኝ እናቴም ባለቤቴም ከበሩ ውጭ፣ እኔ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ከውስጥ። የምይዘው እጅ ባጣ የአልጋውን ብረት ይዤ ወለድኩ። ያን ብረት ዳግመኛ አልይዝም ብዬ ነበር።

ተስፋ ያደረግኩት አማቴን ነበር። ወንጂ፣ የስኳር ፋብሪካው ሠራተኞች ካምፕ ውስጥ አምስት ልጆች ቤታቸው የወለዱ፣ ጎረቤቶቻቸውንም ያዋለዱ ሴት ናቸው። ከከምባታም ትምጣ ከወላይታ፣ ምጥ የያዛት ሁሉ የምታስጠራው እሳቸውን ነበር። ሴቶቹ በሩ ላይ ተሰብስበው «ማርያም ማርያም» ይላሉ፣ እሳቸው ከውስጥ ጀርባ ያሻሉ። ይህን ሲያወሩ እየሰማሁ እቀና ነበር። ዛሬ አማቴ ጴንጤ ናቸው። አራስ ጥየቃ ሄደው ሰው ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሲል፣ እሳቸው «እንኳን ጌታ ረዳሽ» ብለው ይቀመጣሉ። ጎረቤት ቢያኮርፍም ያቺን ቃል ከአፋቸው የሚያወጣ ሰው አልተፈጠረም።

ሞጆ ደረቅ ወደብ ትራንዚተር የሆነው ባለቤቴ «ከእማዬ ጋር ተነጋገሩ» ብሎ ነገሩን ለእኛ ተወ። አማቴ አዳማ ቤታችን መጥተው፣ ምስር እየለቀሙ አዳመጡኝ።

«እማማ፣ እርስዎ ካሉ አልፈራም» አልኳቸው።

እጃቸውን ከሰፌዱ ላይ አንስተው አሳዩኝ። «ይሄ እጅ ጀርባ ያሻል ልጄ። ደም አያቆምም። አንዲት ልጅ ስትወልድ እጄ ላይ አርፋብኛለች። በአንቺ አልሞክረውም።»

ስለዚያች ልጅ ሲያነሱ ሰምቼ አላውቅም። ድሮ ድፍረታቸውን ነበር የማደንቀው፤ ያን ቀን ይህን አፍ አውጥተው መናገራቸውን ከድፍረታቸው አስበልጬ ወደድኩላቸው። ቢሆንም አለቀስኩ። «ብቻዬንማ አልገባም» አልኳቸው።

«ማን ብቻሽን ግቢ አለሽ?»

በማግስቱ ባጃጅ ይዘው ሌላ ሆስፒታል ሄዱ። አዋላጇን ቆመው ጠብቀው፣ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ፣ «ምራቴ ስትመጣ አብሬያት እገባለሁ፤ የምትከለክይኝ ከሆነ አሁኑኑ ንገሪኝና ሌላ እንፈልግ» አሏት። አዋላጇ ስቃ አንድ ሰው እንደሚፈቀድ ነገረቻቸው። አላመኗትም መሰለኝ፣ እስክወልድ ድረስ እየተመላለሱ ሰላም ይሏት ነበር።

ቀኑ ደርሶ አብረን ገባን። ጀርባዬን እያሹ «ጀባዹ፣ በርቺ» ይሉኛል፤ መለስ ብለው ደግሞ «ጌታ ሆይ» እያሉ ይጸልያሉ። መጨረሻ ላይ ምጡ ሲፋፋም አልቻልኩም ብዬ ጮህኩ። ያኔ እጄን ጭብጥ አድርገው፣ ጆሮዬ ስር፣ «ማርያም ማርያም፣ ማርያም ማርያም» ማለት ጀመሩ። የካምፑ ሴቶች ሁሉ በሩ ላይ የቆሙ መሰለኝ። ልጄ ተወለደች። ደሙም እንደፈሩት መጣ፤ አዋላጇ መርፌ ወግታ፣ ሆዴን አሽታ አቆመችው። አማቴ የአዋላጇን እጅ ትኩር ብለው ያዩ ነበር። የእኔን ግን አልለቀቁም። የአልጋውን ብረት ነክቼው እንኳ አላውቅም።

በሳምንቱ የቸርች እህቶቻቸው ሊጠይቁኝ መጡ። አንደኛዋ ወደ አማቴ ዞራ፣ «መቼም እዚያ ውስጥ ጌታን ስትጠሩ ነው የዋላችሁት» አለች።

አማቴ አዩኝ፤ እኔም አየኋቸው።

«ያልጠራነው የለም» አሉና ገንፎውን አቀረቡላቸው።