ለወረዳ ሰው የተዋስኩት ሶፋ

ነገሩ የሆነው አምና መስከረም ላይ ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር መጀመሪያ ብቻዬን እስቃለሁ፣ ቀጥሎ ያልበኛል።

የልጄ ልጅ ቤዛ ዩኒቨርሲቲ ገባች። እኔ ከፋብሪካ በጡረታ የወጣሁ ሽማግሌ ነኝ፤ ክፍያውን ከየት አመጣለሁ? ደግነቱ መክፈል ለማይችል ተማሪ መንግሥት ይከፍላል ተባለ። ከወረዳ ሰው መጥቶ ኑሯችንን አይቶ "አዎ፣ አቅም የላቸውም" ካለ ትማራለች። ካላለ ቀረች።

ሌላ ሰው ቢሆን ቤቱን እንዳለ ይተወው ነበር። እኔ ግን እንግዳ ይመጣል ሲባል ጭንቅላቴ ሥራ ያቆማል። ቤዛ ወጣ እንዳለች ከጎረቤቴ ከጽጌ ሶፋዋን፣ ምንጣፏንና ቴሌቪዥኗን ተውሼ ያቺን የቀበሌ ቤት ሞላኋት። ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ ክራባት አስሬ ቁጭ አልኩ። የፋብሪካው ባለቤት መስያለሁ።

የመጣችው ወጣት ሴት ናት። በሩ ላይ ቆማ ሶፋውን አየች፣ ክራባቴን አየች።

"አባባ፣ ቤት ተሳስቼ ነው መሰለኝ?"

"ኧረ አልተሳሳትሽም የኔ ልጅ! ግቢ፣ አረፍ በይ!"

"ይሄን የመሰለ ቤት ይዘው ነው መክፈል አልችልም የሚሉት?"

የሠራሁት ጉድ ያኔ ገባኝ። "የኔ አይደለም፣ የተዋስኩት ነው" አልኳት።

"ሁሉም እንደሱ ነው የሚለው" ብላ ለመውጣት ዞረች። የቤዛ ትምህርት ዓይኔ እያየ ከቤቴ ሊወጣ ሆነ።

ይሄኔ ጽጌ ሁለት ጎረምሳ ልጆቿን አስከትላ ገባች።

"ጋሼ፣ እንግዳዎ ገና አልሄዱም እንዴ? ድራማዬ ሊጀምር ነው!"

መልስም አልጠበቀች፤ ቴሌቪዥኑን ነቅላ አቀፈችው። ልጆቿ ሶፋውን አነሱ። "ምንጣፉን ነገ እወስደዋለሁ" ብላ ወጣች። ከምንጣፉ ሌላ የቀረው አልጋችን፣ አንድ በርጩማና ሶፋው ሸፍኖት የነበረው የረጠበ ግድግዳ ነው።

ሴትየዋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። "አባባ፣ እኔ ስመጣ ሰው ያለውን ነው እኮ የሚደብቀው!"

"እንግዳ እንዴት በርጩማ ላይ ይቀመጣል ብዬ ነው" አልኳት።

በርጩማውን ራሷ ስባ ተቀመጠችበት። የቤዛ እናት ከሞተች ወዲህ እንዴት እንደምንኖር ነግሬያት እስክጨርስ ድረስ ሰማችኝ።

ቤዛ አሁን ሁለተኛ ዓመት ናት፤ ጠዋት ጠዋት ከቃሊቲ ታክሲ ተጋፍታ ትሄዳለች። ያቺ ሴት ያን ቀን ጥላኝ ብትሄድ ማንም አይፈርድባትም ነበር። እግዜር ይስጣት። ደሃ መሆኔን ሰው ስላመነልኝ እንዲህ እደሰታለሁ ብዬ በዕድሜዬ አስቤ አላውቅም።