የነጭ ሸክላ ብናኝ

ጋዲሴን ወሰን ሰፈር የሚያውቋት ሁሉ «ቅጠል ለቃሚዋ» ይሏታል። ቅዳሜ ጠዋት ከባልደረባዋ ከፀዲ ጋር ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወስደውን ዳገት ይወጡና የባሕር ዛፍ ፍሬ፣ የጥድ ቅርንጫፍ፣ ወፍ የተወው ጎጆ፣ ከግንድ ላይ የተንዠረገገ የዛፍ ሽበት ለቅመው ይወርዳሉ። ከሰፈሩ ጋራዦች ጀርባ ለሥራ በተከራዩት ክፍል ውስጥ ደግሞ የራሰ ወረቀት አላቁጠው ከነጭ ሸክላ ዱቄት ጋር ይበጠብጡታል። እንደ አጥሚት ሲቀጥን የለቀሙትን ይነክሩበታል፤ ሲደርቅ እንደገና ይነክሩታል። ምድጃ ሲገባ ውስጥ ያለው ቅጠል ተቃጥሎ ያልቃል። የሚቀረው ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ከእንቁላል ቅርፊት የሳሳ ነጭ ቅርጽ ብቻ ነው። የሲ.ኤም.ሲ ሰፈር ባለጸጎች ለሳሎናቸው ይሻሙበታል።

ጋዲሴ አብልጣ የምትወደው ከምድጃ በፊት ያለውን ሥራ ነበር። የደረቀውን ቅርጽ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ አድርጋ ታለሰልስና ብናኙን በትንፋሿ እፍ ትለዋለች። ነፋስ ቀጫጭኑን እንዳይሰብርባቸው መስኮቱን ዘግተው ነው የሚሠሩት። ይህን ሲያደርጉ ዓመታት አልፈዋል። ማታ ቤቷ ስትገባ ቅንድቧ ሳይቀር ነጭ ነው።

እናቷ ወይዘሮ ወለተሥላሴ ያንን ነጭነት አይወዱትም። ባላቸው አቶ ኢታና እርሻቸውን ከተዉ በኋላ የካ ተራራ ሥር ካለው የድንጋይ ካባ ውስጥ ጠራቢ ሆነው ነበር። እሳቸውም ማታ ማታ ነጭ ሆነው ነበር የሚገቡት። ጋዲሴ ገና ልጅ ሳለች ሲያስላቸው ኖረው ሞቱ።

ባለፈው ክረምት ጋዲሴ ዳገቱን ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር።

«አረጀሽ እንዴ?» አለቻት ፀዲ ከላይ ሆና።

ጋዲሴ ሳቀች። ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠና አልቆም አላት።

አንድ እሑድ እናቷ ምስር ሲለቅሙ ጋዲሴን ጓዳ ውስጥ ሳል ያዛት። የወይዘሮ ወለተሥላሴ እጅ ሰፌዱ ላይ ቀረ።

«ነይ እስቲ ወዲህ። መቼ ነው የጀመረሽ?»

«ጉንፋን ነው እኮ እማዬ።»

«ጉንፋን አይደለም። ከዚህ ሳል ጎን ስንት ዘመን ተኝቻለሁ፤ አላጣውም።»

ጋዲሴ ተቆጣች። «አባዬ የጠረበው ድንጋይ ነው! እኔ የምውለው ከወረቀትና ከአፈር ጋር ነው።»

«አፈሩስ ድሮ ምን ነበር?»

ጋዲሴ ግን ሐኪም ቤት ሳትሄድ ሰነበተች። በመጨረሻ ወይዘሮ ወለተሥላሴ ነጠላቸውን ደርበው የሥራ ክፍሏ ድረስ መጡ። በሩን ሲከፍቱት ፀሐይ ገባና በአየሩ ላይ የተንሳፈፈው ብናኝ ታየ። ጋዲሴና ፀዲ እዚያ መሐል ቁጭ ብለዋል። እናትየው የልጃቸውን እጅ ይዘው ወጡ።

ሐኪም ቤት አንድ ሽማግሌ ሐኪም የጋዲሴን የደረት ራጅ ወደ መብራቱ አንስተው አዩት።

«ካባ ውስጥ ሠርተሽ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ በጭራሽ!»

ሥራዋን ስትነግራቸው ራጁን አስቀመጡት። «ያው ነው ልጄ። ከድንጋዩ የሚወጣው ብናኝ በሸክላሽ ዱቄት ውስጥም አለ። ሳንባ ውስጥ የገባው አይወጣም። ዛሬ ብታቆሚው ባለበት ሊቆም ይችላል፤ ሊብስም ይችላል። አብሮሽ የሚሠራ ሰው አለ?»

«አለች።»

«ቶሎ ትምጣ።»

ጋዲሴ ከሐኪም ቤት በቀጥታ ወደ ክፍሉ ሄደች። መስኮቱን በረገደችው፤ ብናኙ እንዳይነሣ ወለሉ ላይ ውኃ ደፋች። ፀዲ የወፍ ጎጆ ይዛ እያለሰለሰች ነበር።

«ተነሺ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ። እኔን የያዘኝ ሕመም ከዚህ ብናኝ የመጣ ነው።»

«እኔ እኮ ምንም አላመመኝም» አለች ፀዲ፣ ቀና ሳትል። «ይቺን ልጨርስና ነገ እሄዳለሁ።»

ከዚያ ወዲህ ጋዲሴ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና፣ ቅርጹን ሳይደርቅ በረጠበ ስፖንጅ ብቻ ታብሳለች። ደረቁን አትነካም። ሳሉ ግን አልተዋትም፤ እናቷም ሌሊቱን በጆሯቸው ይጠብቋታል። ፀዲ እስከ ዛሬ ሐኪም ቤት አልሄደችም። ባለፈው ቅዳሜ ዳገቱ መሐል ላይ ቆመችና የጫማዋን ክር ልታስር ጎንበስ አለች። ጋዲሴ ደርሳባት ወደ ጫማዋ አየች። ክሩ አልተፈታም፤ የፀዲ ትከሻ ግን በትንፋሽ ከፍ ዝቅ ይል ነበር።