የተሰጠኝ ግጥም

ባለፈው የገበያ ቀን የፈረስ ጭራ ፊቴን መታኝ። መካነ ሰላም ገበያ መግቢያው ላይ ነው። ባጃጅ ከኋላዬ ጡሩንባዋን ስትነፋብኝ ሸሸት ስል ጭነት የተጫነ ቡላ ፈረስ ሥር ገባሁ። ፈረሱ ዝንብ ሲያባርር ጭራው ከጉንጬ እስከ አፌ ጠረገኝ። ባለፈረሱ "ይቅርታ እማማ" አለኝ፤ እኔ ግን የት እንዳለሁም ጠፋኝ። ያ ላብና አቧራ የተቀላቀለበት ከረር ያለ ሽታ! ጭራውን እንደያዝኩ፣ "ወንድ ነው ወይስ ባዝራ?" አልኩት።

"ወንድ ነው። ምነው?"

"እንግዲያስ ጥሩ ነው።"

ሳቀብኝ። ይሳቅ።

ለማሲንቆ የባዝራ ጭራ አይሆንም፣ ልጄ። ሽንቷ ስለሚነካው ቶሎ ይበጠሳል፣ ድምፁም ይሻክራል። ይህን ያስተማረኝ አባቴ ነው። አባቴ አዝማሪ ነበር፤ ከወግዲ እስከ ወረኢሉ ድግስ ያሰበ ሰው ሁሉ የሰርጉን ቀን የሚቆርጠው መጀመሪያ እሱን ጠይቆ ነው። እናቴን በሕፃንነቴ ስላጣኋት ከሥሩ አልለይም ነበር። ሰርግ ቤት ስንደርስ የእኔ የመጀመሪያ ሥራ አጃቢዎቹ ፈረሳቸውን ያሰሩበት ሄዶ ጭራ መንቀል ነው። አንድ ጊዜ አንዱ እጄን አፈፍ አድርጎ፣ "አንቺ! ፈረሴን መላጣ ልታደርጊው ነው?" አለኝ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግረው ለቀቀኝ። "ለእሱ ከሆነማ ንቀይ፣ እቴ! እኔም ልያዝልሽ!"

ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር። በኋላ ነው ያቃጠለኝ።

ስምንት ዓመት ሲሆነኝ አብሬው መዝፈን ጀመርኩ። እሱ ያወጣል፣ እኔ አዝማቹን እቀበላለሁ። ድምፄ ከእሱ ይበልጥ እንደነበር አሁን ብናገር ማን ይጣላኛል? ሰዉ ግን እኔ አንጀቴን አውጥቼ ዘፍኜ ስጨርስ፣ "አይ አባቷ!" ይላል። ሳሳምር "የእሱ ልጅ አይደለች" ነው፤ ስሳሳት ደግሞ "የእሱ ልጅ ሆና!" "አባዬ፣ መቼ ነው እኔ የማወጣው?" ስለው፣ "አብሽሪ፣ ይደርሳል" ይለኛል። አሥራ ስምንት ዓመቴ ሲሞላም ያው አብሽሪ ነበር።

አንድ ነገር ግን አጥብቆ አስተምሮኛል። እንደምታውቂው ሰው ከተቀመጠበት ተነስቶ ለአዝማሪ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ያንኑ በዜማ ይመልሰዋል። "የተሰጠሽን ግጥም አትጣይ" ይለኝ ነበር። "ሙገሳም ይሁን ስድብ፣ አንድ ቃል ሳታጎድይ ተቀበይ። ተናጋሪው እሱ ነው፤ አንቺ አፉ ነሽ።" ይህ እንደ ትንፋሽ ሆኖብኝ ነበር። ሰው ግጥም ሲሰጠኝ ጭንቅላቴ ሳይሰማ አፌ ይቀበላል።

ከዚያ ክፉው ቀን መጣ። ዝናቡ ቀረ፣ ሰርግም ቀረ። ከዓባይ በረሃ ወገን ሰው ሽቅብ ወደ ከተማው ይወጣል፤ ግማሹ ደርሶ ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል። እኔን ከሁሉ የሚያስፈራኝ ዝምታው ነበር። ሲመሻሽ ከየቤቱ ይሰማ የነበረው የሙቀጫ ድምፅ ጠፋ፤ ምን ይወቀጣል? ፈረሱም አለቀ። የአባቴ ማሲንቆ ጭራ ሲሳሳ የሚቀይርበት አጣ። ቢኖረውስ የት ይጫወታል? አብዮቱ ከገባ ወዲህ "የመሳፍንት አወዳሽ" ብለው ከልክለውታል።

እሱን የከለከሉት ሰዎች ግን እኔን ፈለጉኝ። የኪነት ቡድኑን የሚመራው ካድሬ ቤታችን ድረስ መጥቶ፣ "የአባትሽ ድምፅ አንቺ ጋ ነው፤ ድምፁን ለሠፊው ሕዝብ እናውለዋለን" አለኝ። ይሄው፣ እዚህም የአባትሽ! ቢሆንም ሄድኩ። ካኪ ሸሚዝ ሰጡኝ፣ ቀን ቀን ንፍሮ ይሰጡን ነበር፤ ግማሹን ለአባቴ እቋጥራለሁ። ከሁሉም በላይ የማወጣው እኔ ነኝ። ካድሬው፣ "በአብዮቱ በዓል ቀን ከደሴ እንግዶች ይመጣሉ። ከወደዱሽ ይወስዱሻል" አለኝ። ደሴ! እዚያ አባቴን የሚያውቅ የለም። እዚያ በራሴ ስም እጠራለሁ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

የዘፈኑን ግጥም በወረቀት ሰጡኝ። ፊደል ስለማላውቅ አንዷ ልጅ እያነበበችልኝ በጆሮዬ ያዝኩት። ቤት ገብቼ ስለማመድ አባቴ መደቡ ላይ ጋደም ብሎ ያዳምጣል።

ጎተራው ሞላ፣ ማሳው አፍርቶ፣
የሠፊው ሕዝብ ክንዱ በርትቶ።

"ማን ሰጠሽ ይሄን ግጥም?" አለኝ።

"ወረቀት ነው፣ አባዬ።"

"እህ። ወረቀት ገበያ አይወጣም መሰለኝ" ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አኮረፍኩት። ቀናብኝ አልኩ፤ ወላሂ እንዲያ ነው ያልኩት።

በበዓሉ ቀን ሜዳው በሰው ሞላ። ፀሐይዋ ነጭ ነበረች፤ ጄኔሬተሩ እያጓራ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። እንግዶቹ ከድንኳኑ ጥላ ተቀምጠዋል፣ ሕዝቡ ከገመዱ ወዲያ ቆሟል። ማይክራፎን ስይዝ የመጀመሪያዬ ነው። ድምፄ ከተራራው ተመልሶ ሲመጣልኝ፣ ይቺ ማን ናት? አልኩ። ከእንግዶቹ አንዱ ወደ ጎረቤቱ ዘንበል ብሎ እኔን ሲጠቁም አይቻለሁ። በቃ፣ ሄድኩ ደሴ!

ሁለተኛውን ዙር ጨርሼ ትንፋሽ ስወስድ ከገመዱ ወዲያ አንዲት ሴት እጇን አነሳች። አንቀልባዋን እንዳነገተች ናት፤ አንቀልባው ግን ባዶ ነው። "የአዝማሪው ልጅ!" ብላ ተጣራች፣ ልክ ሰርግ ቤት እንደሚባለው። "ተቀበይኝ!"

ሰጠችኝ። እኔም ተቀበልኳት። ምን እንደሆነ ሳላስብ፣ አንድ ቃል ሳላጎድል፣ በዚያ ማይክራፎን፣

ሞላ አሉ ጎተራው፣ እኔም ሰምቻለሁ፤
ዘንድሮ ልጆቼን፣ ካፈር ከትቻለሁ።

ያልኩት ምን እንደሆነ የገባኝ ካልኩት በኋላ ነው። ከዚያ አንድ ሽማግሌ "እህ" አለ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ አገሩ ሁሉ እያለቀሰ። ጄኔሬተሩን አጠፉት። ካድሬው ክንዴን ጨምድዶ ከመድረኩ ጀርባ አወረደኝ። "ማናት የሰጠችሽ? አሳዪኝ!" ዞሬ ባይ ሴትዮዋ የለችም፤ ሰዉ ጋርዷታል። "እንግዲያ ካንቺ ነው የወጣው፤ አንቺ ትጠየቂበታለሽ" አለኝ።

ያኔ አባቴ ገመዱን አልፎ መጣ። በጋቢው ተጠቅልሎ፣ ያ ትልቅ ሰው ከስቶ ምን እንዳከለ! "ግጥሙ የኔ ነው" አለ። "እሷ ምን ታውቃለች? የኔን ነው የምትደግመው። እስኪ መቼ የራሷ ነገር ኖሯት ያውቃል? አገሩን ጠይቁ።"

አገሩም መለሰ። "እውነቱን ነው! የእሱ ነው! እሷ ተቀባይ ናት!" ሊያድኑኝ ነው፤ ይገባኛል። ግን አገር ሁሉ መሰከረብኝ፣ ልጄ። በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ሜዳ ሙሉ ሰው ያስለቀስኩት፣ እሱም የአባቴ ተባለ። ሲወስዱት ማልቀስ ሲገባኝ ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ። ተናድጄ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ቤት መጥተው ማሲንቆውን ወሰዱ፤ የሚመታበት ደጋን ግን ከምሰሶው ጀርባ ስለወደቀ ተረፈ። እሱ አንድ ክረምት ሙሉ ታሰረ። ደሴ የሚለውን ነገር ዳግም ያነሳልኝ የለም። በኋላ ዘመኑ ሲሻሻል፣ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ድረስ ሰርግ ለሰርግ ዞሬ ዘፍኛለሁ፤ የእሱ ልጅ እየተባልኩ።

አባቴ የተፈታ ዕለት የሰው ትከሻ ተደግፎ ገባ። ጉንፋን የበላው የመሰለ ድምፅ ነው የቀረው። ደጋኑን አምጥቼ ጭኑ ላይ አኖርኩለት፤ አዲስ ጭራ አስሬበታለሁ። በጣቱ ዳበስ ዳበስ አደረገውና፣ "ከየት አገኘሽ? ፈረስ አለ እንዴ ባገር?" አለኝ።

"ከፖሊስ ጣቢያው ፈረስ ነቀልኩ። ስንቅ ይዤልህ ስመላለስ።"

ሳቁ ሳል ሆነበት። "ወንድ ነው?"

"ወንድ ነው።"

ማሲንቆ የሌለው ደጋን ምን ይሠራል? እንደያዘው ቆየና፣ "በይ አንቺ አውጪ፤ እኔ ልቀበል" አለኝ።

"የትኛውን?"

"ያንኑ።"

አወጣሁ። ሌላ ሰሚ አልነበረም። እሱ በጣቱ ጉልበቱን እየመታ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ አዝማቹን ከኋላዬ ተከተለኝ። አንድ ቃል አላጎደለም። ስንጨርስ፣ "የሴትዮዋን ስም ጠየቅሻት?" አለኝ።

"አልጠየቅኋትም።"



ባለፈረሱን የት ጣልኩት? አዎ፣ ገበያው ላይ ነበርን። ጭራውን አልለቅ ስለው ትኩር ብሎ አየኝና፣ "እማማ፣ የዚያ አዝማሪ ልጅ አንቱ ነዎት አሉ፤ ያን የጎተራውን ግጥም የገጠመው?" አለኝ። እሱ አልገጠመውም፣ እኔም አልገጠምኩትም፣ ባዶ አንቀልባ ያነገተች ሴት ናት ልለው አፌን ከፈትኩ። ባጃጇ ጡሩንባዋን ነፋች።

"ነኝ" አልኩት።

"እንግዲያ ይንቀሉ" አለኝ። ሦስት ነቀልኩና ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኳቸው።