ሽማግሌዎቹ ቆመው ያዩት ሽልማት

እኛ ቤት ከገና በኋላ ዘመድ አይጠየቅም፣ ዕቃ አይገዛም፣ ማንም ሰው አይታመምም። አባባ ለፊልም ሽልማት የታጩትን ሥራዎች የሚያይበት ወቅት ነዋ! የታጩ ስል ተዋናዮቹን እንዳይመስላችሁ። ማን አለቀሰ፣ የማን ቀሚስ አማረ የሚለው ወሬ ለአባባ የሥራ ፈት ጨዋታ ነው። እሱ የሚተነብየው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ የሲኒማቶግራፊውንና የአርት ዳይሬክሽኑን አሸናፊ። አንዱ ካሜራውና ብርሃኑ ነው፤ ሌላው ቤቱ፣ ግድግዳው፣ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ብርጭቆ ሳይቀር። አባባ ወጣት ሳለ ለትምህርት መጥቶ፣ አገር ሲታወክ እዚሁ ፍራንክፈርት ቀርቶ፣ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የሕንፃ ንድፍ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ጥሩ ግድግዳ ሲያይ ልቡ ይሸፍታል።

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የፊልም ጓደኛው ነበርኩ። ጉትሎይትፊርቴል ሰፈር ባለው ቤታችን አሮጌው ሶፋ ላይ ጎን ለጎን እንቀመጣለን፤ እሱ በመስኮቱ በኩል፣ እኔ በበሩ በኩል። ጀግናው በጥይት ተመቶ ሲወድቅ አባባ "አየሽ፣ ያንን በር አሮጌ ለማስመሰል ቀለሙን የላጡት ትናንት ነው!" ይላል። እኔም "አዎ አባባ፣ ማጠፊያው አዲስ ነው" እላለሁ። እማማ ከኩሽና ብቅ ብላ "ሰውየው ሞተ እንዴ?" ብላ ስትጠይቀን ሁለታችንም አናውቅም።

ሽልማቱ አሜሪካ የሚሰጠው በእኛ ሰዓት ሰኞ ሊነጋጋ ሲል፣ አገር ሁሉ ተኝቶ ሳለ ነው። አባባ ለየትኛውም ሽልማት ብሎ እንቅልፉን አይሠዋም። መቅጃውን አዘጋጅቶ ይተኛል፤ የተቀዳውን የምናየው በሳምንቱ መጨረሻ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው። እስከዚያ ድረስ ቤታችን ወሬ ያለመስማት ሱባኤ ይገባል። ሬዲዮ አይከፈትም፣ ጋዜጣ አይገባም። አባባ በዋናው ባቡር ጣቢያ በሀውፕትባንሆፍ ሲያልፍ የጋዜጣ መሸጫውን ላለማየት አንገቱን ደፍቶ ይሮጣል፤ እማማ "ከሴት የሚሸሽ መነኩሴ መሰልክ" እያለች ትስቅበታለች። ያኔ ስልክ ሁሉ ወሬ አያዘንብም ነበርና ይቻል ነበር። እሑድ ቴሌቪዥኑ ከመከፈቱ በፊት እያንዳንዳችን ተነሥተን ቆመን ትንቢታችንን በቃላችን እንናገራለን። አባባ ሲስት አይቼው አላውቅም።

እንግዲህ እኔ የዚህ ሰው ልጅ፣ በከተማው ሞልቶ ከተረፈው ወንድ ሁሉ፣ ፊልም ሲጀመር የሚያንቀላፋ ሰው ወደድኩ። አውሮፕላን ማረፊያው የጭነት ክፍል ነው የሚሠራው፤ ወፍ ሳይንጫጫ ተነሥቶ ሥራ ይገባል። ከሰዓት በኋላ ለስላሳ ነገር ላይ ካስቀመጣችሁት አለቀለት። ግን ሲስቅ ሙሉ ሰውነቱ ይስቃል፤ ደረጃችንን ሲወጣ ኮቴውን ስሰማ ሳይደውል በሩን እከፍት ነበር። ምን ይደረግ፣ ወደድኩት።

መጀመሪያ ቤት ሳመጣው አባባ ከሁለታችን መሀል አስቀመጠውና ክፍሉ ሁሉ በሻማ ብቻ የበራበት አንድ ፊልም ከፈተለት። አባባ ስለ ጥላው እያስረዳው ሳለ እንግዳችን ማንኮራፋት ጀመረ። ፊልሙ ሲያልቅ በክርኔ ጎሸም አደረግኩት።

"እሺ፣ ከሁሉም የበለጠ ያማረህ ምንድን ነው?" አለው አባባ።

ሰውዬው ዓይኑን አሸት አሸት አደረገና "ሶፋው" አለ። የተቀመጠበትን ማለቱ ነበር።

እኔ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ፤ እማማ ሳቋን ይዛ ወደ ኩሽና ሮጠች። አባባ ግን አልሳቀም። እንግዳው ሲሄድ "ዓይኑን የማይገልጥ ሰው አንቺን በምን አይቶ ወደደሽ?" አለኝ።

ሽማግሌ ተላከ። የእሱ ቤተሰብ እዚህ ስለሌለ ከተማው ውስጥ የሚያከብራቸውን ሦስት ሰዎች ለመነ። አንደኛው፣ ቃል የሚናገሩት፣ ከሀውፕትባንሆፍ ፊት ለፊት የሚሰለፉ ባለታክሲ ናቸው፤ ፍራንክፈርት ያለ ሐበሻ ታክሲ ሲፈልግ የሚደውለው ለእሳቸው ነው። ሁለተኛው ኦስትኤንድ ሰፈር ቅመማ ቅመም የሚሸጡ ሙስሊም ነጋዴ፣ ሦስተኛው ጉልበታቸውን የሚያማቸው የደብራችን አዛውንት ነበሩ።

መጀመሪያ ሲመጡ አባባ "ትምህርቷን ትጨርስ" አላቸው። ትምህርቴን ጨርሼ መነጽር ቤት ከተቀጠርኩ ቆይቻለሁ። ይህንኑ ሲነግሩት "የሕይወትን ትምህርት ማለቴ ነው" ብሎ መለሳቸው። ሁለተኛ ሲመጡ ወሩ የፊልም ወር ነበር። "አሁን ልቤ እዚህ የለም። ሽልማቱ ካለፈ በኋላ ባለው እሑድ ከምሳ በኋላ ኑ" አላቸው።

ባለታክሲው በሩ ላይ ዞር ብለው "እንመጣለን። ሦስተኛ ከመለሱን ግን እኛም ከዚያ ወዲያ ፊት የለንም" አሉ። ቀልድ አልነበረም። እነሱ ከተመለሱ የሚልከው ሌላ ሽማግሌ የለውም፤ እኔም ያለ አባባ ምርቃት እንደማላገባ ነግሬዋለሁ። ሁሉም ነገር ያቺ እሑድ ላይ ተንጠለጠለ። አባባ ለምን እንደሚያንገራግር ደግሞ ይገባኝ ነበር። ልጁ ክፉ ስለሆነ አይደለም። የሚወስደው ከሶፋው በበሩ በኩል የምትቀመጠውን ነው።

በዚያ ዓመት ወሬው ሁሉ ስለ ሁለት ፊልሞች ነበር። አንዱ የዓሣ አጥማጆች መንደር ታሪክ ነው፤ ጨው የበላቸው የእንጨት ቤቶች፣ ጭጋግ ውስጥ የምትጠፋ ጀልባ። ሌላው የቤተ መንግሥት ፊልም ነው፤ ወርቅ በወርቅ። አባባ በዓሣ አጥማጆቹ አበደ። "ይሄን ብርሃን ማንም አልሠራውም፤ ጠብቀው ያዙት እንጂ!" እያለ ሾርባው ይቀዘቅዝበታል። ቤተ መንግሥቱን "የሠርግ ኬክ" ብሎ ሰደበው። ሁለቱንም ሽልማት ለዓሣ አጥማጆቹ እንደሚተነብይ እኔ ብቻ ሳልሆን ጎረቤቶቻችን ያውቁ ነበር።

ያ ሰኞ ሲመጣ አባባ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ነበረው። ዓይኑ ውስጥ ጠብታ ስላደረጉለት ብርሃን መቋቋም አቅቶት በታክሲ ገባ። ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ዝም አለ። ዓይኑን ነው ብለን ተውነው።

እሑድ አባባ የቴሌቪዥኑን መክፈቻ አንሥቶ "እሺ፣ ትንቢት!" ከማለቱ በሩ ተደወለ። ሦስቱም ነጭ በነጭ ለብሰው ቆመዋል።

"ሽልማቱ ሳያልፍ?" አለ አባባ ደንግጦ።

"ሰኞ አለፈ እኮ፣ ጌታዬ" አሉ ባለታክሲው።

"ለእናንተ አልፎ ይሆናል። እዚህ ቤት የሚያልፈው ዛሬ ማታ ነው!"

ነጋዴው ነገሩን ለማብረድ ብለው "ኧረ እኔስ ሱቅ ውስጥ ሰምቼ..." ብለው ሲጀምሩ እኔና እማማ "ናይን! ናይን! አይናገሩ!" ብለን በአንድ ድምፅ ጮኸን። አባባ ጆሮውን በሁለት እጁ ደፈነ። ምስኪኑ ሰውዬ ከዚያ በኋላ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ቀሩ።

እማማ ወንበር ደረደረች። ሳምቡሳዋ ገና ከዘይት መውጣቱ ነው። ሽማግሌዎቹ ግን "ቃላችን መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም፣ አንቀምስም" አሉ። አባባ ደግሞ "ሽልማቱ ሳያልቅ መልስ አልሰጥም" አለ። እልህ ተጋቡ። ሽማግሌ በወጉ ለደቂቃ ነው የሚቆመው፤ የእኛዎቹ ከሶፋው ጀርባ ተሰልፈው፣ ሦስተኛው ጉልበታቸውን እያሻሹ መጽሐፍ መደርደሪያውን ተደግፈው፣ ረጅሙን ሥነ ሥርዓት ቆመው ሊያዩ ሆነ። እኔ በአንድ በኩል ላብድ ነው፣ በሌላ በኩል ሳቄ ሊያፈነዳኝ ነው።

ያኔ ባለታክሲው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ጌታዬ፣ እርስዎ ስተው አያውቁም ሲባል እንሰማለን። እንግዲያው እንዲህ እናድርግ። ዛሬም ሁለቱንም ካወቁ ጋቢያችንን ሰብስበን እንሄዳለን፤ ይህን ደረጃ ዳግመኛ አንረግጥም። ከሁለቱ አንዱን እንኳ ከሳቱ ግን ያስቀምጡን።"

ሽማግሌ የላከልኝ መስሎኝ ቁማርተኛ ልኮብኛል! "ፓፓ፣ ቢተ፣ እባክህ!" አልኩ፤ የሚሰማኝ የለም። ኩሽና ገብቼ፣ ቬስትሃፈን ማይን ወንዝ ዳር መኪናው ውስጥ ለሚጠብቀው ሰውዬ "አለቀልን" ብዬ በስልክ ጻፍኩለት። ትንሽ ቆይቶ መልሱ መጣ፤ "ተኝቼ ነበር። ምን አልሽ?"

ስመለስ አባባ ባለታክሲውን ትኩር ብሎ እያያቸው ነበር። እሳቸውም ዓይናቸውን አልሰበሩም። ከዚያ አባባ ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ኮቱን ቆለፈና ተናገረ።

"ሲኒማቶግራፊ፣ የቤተ መንግሥቱ ፊልም። አርት ዳይሬክሽንም የቤተ መንግሥቱ።"

"አባባ! ዓሣ አጥማጆቹስ?"

"ዝም በይ። ዳኞችን አውቃቸዋለሁ፤ ወርቅ ይወዳሉ።"

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ ግን ጭራሽ ፈራሁ። እሱ እኮ አይስትም! ዳኞቹ የዘንድሮውን ወርቅ እንደወደዱ በሆነ መንገድ ሸትቶት ቢሆንስ? የእኔ ተራ ሲደርስ "ዓሣ አጥማጆቹ፣ ሁለቱንም!" አልኩ። እማማ ፊልሞቹን ሳታይ "እኔም እንደ ልጄ" አለች።

አባባ ማስታወቂያውን እንኳ አላሳልፍ አለ። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ወደ ጣሪያው ያዩ ነበር፤ እየቆየ ጨዋታው ገባቸው። አዛውንቱ አንዷን ተዋናይት አይተው "ይቺን ልጅ ብርድ አይመታትም?" አሉ። ነጋዴው ነጠላቸውን ከአፋቸው ሳያነሡ "መጋረጃው ጥሩ ጨርቅ ነው" ሲሉ አባባ ሳያስበው ዞሮ "ቬልቬት ነው፣ አዎ!" አላቸው። እማማ ሳምቡሳውን ሁለቴ አሞቀችው።

የአርት ዳይሬክሽኑ ፖስታ ተከፈተ። ዓሣ አጥማጆቹ!

የጮኽኩት ጩኸት ማይን ማዶ ሳይሰማ አይቀርም። እማማ ላይ ተጠመጠምኩ፣ እማማ እልል አለች። አዛውንቱ የጉልበታቸውን ነገር ረስተው ሊያሸበሽቡ ምንም አልቀራቸው። አባባ እጁን አንሥቶ "ፀጥታ! ገና አንድ ይቀራል" አለ፤ ውርርዱ ያለቀ ቢሆንም ሁላችንም ፀጥ አልን። ሲኒማቶግራፊውም የዓሣ አጥማጆቹ ሆነ። አባባ ግንባሩን መታና "በቃ፣ አረጀሁ" አለ። ቴሌቪዥኑን አጠፋው። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ።

"ተቀመጡ" አለ።

ሦስቱም ሶፋው ላይ ዘፍ አሉ። አዛውንቱ ያረፉት በእኔ ቦታ ላይ ነበር። አባባ ሳምቡሳውን ራሱ እየዞረ አቀረበላቸው። እኔም "ና!" ብዬ ጻፍኩ፤ ልጁ ጉንጩ ላይ የመኪናው ወንበር ስፌት እንደታተመበት ደረጃውን በሩጫ ወጣ። ከዚያ ቀን የበለጠ ደስ ብሎኝ ያውቅ እንደሆነ እንጃ።

ሠርጉ በበጋ ሆነ። አዳራሹ በዘፈን ሲናወጥ ባለታክሲው ጠሩኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

"የኔ ልጅ፣ ያን ሰኞ አባትሽን ከዓይን ሐኪም የመለስኳቸው እኔ ነኝ" አሉኝ። "ሬዲዮዬ ክፍት ነበር። የአሸናፊዎቹን ስም አንድ በአንድ ሲያነብ እሳቸው ከኋላ ሆነው 'ዝጋው! ዝጋው!' ይላሉ፤ እኔ እስክዘጋው ሁለቱም ተነበቡ።"

"ያውቅ ነበር?"

"እንደኔው ያውቁ ነበር። ለማንም እንዳልናገር አስምለውኛል። እሑድ ስቆም አሰብኩ። እምቢ ሊሉ ከፈለጉ የሰሙትን አሸናፊ ተናግረው ያባርሩናል። እሺ ሊሉ ከፈለጉ ደግሞ ይሳሳቱ። አባት 'ልጄን ውሰዱ' ማለት ሲከብደው በር ይከፈትለታል እንጂ አይገፋም።"

ዓሣ አጥማጆቹን የሚወደው አባቴ፣ ወርቅ የሚጠላው አባቴ፣ በዘመኑ ስቶ የማያውቀው አባቴ። በዓይኔ ፈለግኩት። ከቪዲዮ አንሺው ጋር ይጨቃጨቃል። "ብርሃኑ እኮ ከጀርባዋ ነው! ሙሽሪት ጠቆረች!" ይላል። ረጅሙን ቀሚሴን ሰብስቤ ወደ እሱ ሄድኩ።

"አባባ፣ ያን እሑድ ለምን ቤተ መንግሥቱን መረጥክ?"

አላየኝም። የቬሎዬን ጫፍ አስተካከለ።

"ጠብታ አድርገውብኝ አልነበረም? ዓይኔ ደህና አያይም ነበር" አለ።

ጠብታው ሰኞ፣ ትንቢቱ እሑድ። አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። አጥብቆ ያዘኝ፣ አልለቀቀኝም፤ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ግን ቪዲዮ አንሺውን "አሁን! አሁን ወደ ግራ፣ መብራቱን ወደ ግራ!" ይለው ነበር።